እናትሽ ዝም ስትል

አገር ምድሩ ጸጥ ብሎ ይስማ፤ እናትሽ ቀይ የስፖርት ጫማ ገዛች! አንቺም ለአያትነት ያበቃሽኝ ልጄ፣ እግርሽን እንቅፋት አይንካው።

ልቧን ካመማት ወዲህ ሐኪሟ፣ “በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ይራመዱ፤ እየሄዱ ማውራት ካቃተዎት ቀስ ይበሉ፤ ደረትዎን ካመመዎት ይቁሙ” ብሏታል። ማውራቱንስ ማን ይችላታል! ከበራችን እስከ ዳቦ ቤቱ እኔን ስትቆጣ ነው የምትደርሰው። “አንተ ሰውዬ፣ ጫማህን እየጎተትክ አስፋልቱን ፍቀህ ጨረስከው!” ትለኛለች። እስከተቆጣችኝ ድረስ ልቧ ደህና ነውና፣ እሰየው እላለሁ።

ማክሰኞ ዕለት ግን ዳገቱ ላይ ቁጣዋን ሳትጨርስ ዝም አለች። ደነገጥኩ። እጇን ይዤ ልብስ ሰፊው ደጃፍ ያለው አግዳሚ ላይ አስቀመጥኳት። ትንፋሿ ሲመለስ፣ “ለዛሬ ይበቃኛል” ብላ በዝግታ ወደ ቤት መለሰችኝ፤ በዚያው ቀን ለሐኪሟ ደውላ ነገረችው። ረቡዕ በሜዳው መንገድ እንደገና ወጣች። እንዲህ ያለች ሴት የት ትገኛለች?

ስትደውይ አንቺ አመስግኛት፤ እኔ ካመሰገንኳት ትኮራብኛለች። የልጅ ልጄን ሳሚልኝ። ልብሽ እንደ እናትሽ ብልህ ይሁን።

አንዲት ውሸት ግን አለችብኝ፤ ያስቀመጥኳት እኔ አይደለሁም። እኔማ “አይዞሽ፣ ትንሽ ነው የቀረን” እያልኩ ወደ ላይ ስጎትታት፣ እጄን አስለቅቃ የተቀመጠችው እሷው ናት።