ኢሜይሉ እስኪከፈት ያልጠበቀው ቦይለር

ለተከበሩ አቶ ወልደገብርኤል ካሳሁን
የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
አቃቂ ቃሊቲ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ከአዳማው ስብሰባ በሰላም መመለስዎን፣ የተሰባበረው የቢሮዎ መስታወትም በአዲስ መተካቱን ሰምቼ እጅግ ደስ ብሎኛል። እኛ ከአደጋው የተረፍነው ደህና ነን። የጥገና ክፍል ጸሐፊዋ ሥርጉት ቢቂላ ነኝ፤ ይህን ደብዳቤ በፋብሪካው በር ላይ የለጠፍኩት ብቻዎን ሲያነቡት እንዳይከብድዎ ብዬ ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ ከኋላ ቀርነት ስላወጡን ላመሰግንዎ እወዳለሁ። የኮምፒውተር ባለሙያችን ነቢዩ የጫነልን ነፃ የኢሜይል ፕሮግራም ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳይዘጋ ሲያገለግለን፣ እኛ ምስኪኖቹ ሥራ እየሠራን ይመስለን ነበር። እርስዎ ግን አምና በሠራተኛው ስብሰባ ላይ «ነፃ ነገር የደሃ ነገር ነው፤ ስም ያለው ድርጅት ከፍሎ ነው የሚጠቀመው» ብለው ዓይናችንን ገለጡልን። ነቢዩ እጁን አውጥቶ «ጌታዬ፣ አዲሱ በየወሩ በውጭ ምንዛሪ የሚታደስ ነው። ባንክ አንድ ጊዜ ካዘገየብን ይቆለፋል። የድሮው ቢያንስ ለመጠባበቂያ ይቀመጥልን» ቢልዎ፣ «አንተ ልጅ፣ ከአሮጌ ዕቃ ጋር ተጋብተሃል እንዴ?» ብለው አዳራሹን አሳቁበት። እኔም ስቄአለሁ። በማግስቱ የድሮው ፕሮግራም በትእዛዝዎ ከሁሉም ኮምፒውተር ላይ ጠፋ።

በሁለተኛ ደረጃ ስለ አሠራሩ አመሰግናለሁ። ማንኛውም ማሽን የሚቆመው እርስዎ በኢሜይል ሲፈቅዱ ብቻ እንደሆነ፣ ያለ ፈቃድ ያቆመ ሠራተኛም እንደሚሰናበት በማስታወቂያ ነግረውናል። በዚሁ ምክንያት አንድ ሰው ስለተሰናበተ ማስታወቂያው ለሁላችንም በሚገባ ገብቶን ነበር።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ረዘም ስለሚል ይታገሡኝ።

የካቲት አሥራ አራት ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የቦይለር ሠራተኛው ፊሮምሳ ሰቦቃ እያለከለከ ቢሮዬ ገባ። ፊሮምሳን በመልክ ላያውቁት ይችላሉ። ፋብሪካው ያረፈበትን መሬት አባቱ ያርሱት ነበር፤ እሱ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ቦይለሩን ሲጠብቅ ኖሯል። «ሥርጉትዬ፣ የእንፋሎት ማስተንፈሻው አልከፈት ብሏል» አለኝ። «ግፊቱ ቀዩን መስመር አልፏል። ላጥፋው?»

«ያለ ፈቃድ ካጠፋህማ ያባርሩሃል፤ ቆይ ልጻፍላቸው» አልኩት።

ኢሜይሉን ስከፍት የክፍያ ጊዜያችን ስላለፈ አገልግሎቱ መቋረጡን የሚገልጽ ጽሑፍ መጣ። ደወልኩልዎ። አነጋገርዎን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ «ሥርጉት፣ አሠራር አለን፤ በኢሜይል ላኪልኝ» አሉኝ። ተቆልፏል ስልዎ «እንግዲያው ሲከፈት ትልኪዋለሽ፤ ስብሰባ ላይ ነኝ» ብለው ዘጉት። ፊሮምሳ ፊቴን አይቶ መልሱን አወቀው። ተመልሶ ሮጠ።

ክቡር ሆይ፣ ያኔ «አጥፋው፣ ኃላፊነቱ በእኔ ነው» ለማለት አራት ቃል ይበቃኝ ነበር። አላልኩም። የእርስዎን ማስታወቂያ ፈራሁ።

ፊሮምሳ በማቅለሚያ ገንዳው ዙሪያ የነበሩትን ሴቶች «ውጡ! ውጡ!» እያለ አስወጣቸው። ከዚያ ማስተንፈሻውን በመፍቻ ሊከፍት ተመለሰ። ሲፈነዳ የቦይለሩ ክዳን ጣሪያውን በስቶ ወጣ፤ የእኔ ጠረጴዛ ከመሬት ተነሣ። ስንደርስ ፊሮምሳ እንደቆመ ነበር። የፊቱ ቆዳ እንደ እርጥብ ጨርቅ አገጩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ መፍቻውን የያዘው ቀኝ እጁ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ፣ «ሴቶቹ ወጡ?» እያለ ይጠይቅ ነበር። ዛሬ ሁለቱም ዓይኖቹ አያዩም። እጁን ከክርኑ በላይ ቆርጠውታል።

ፈቃዱ የቀረው ኢሜይሉ ተቆልፎ መሆኑ ወዲያው ተወርቶ፣ ሠራተኛው ግቢው ውስጥ ተሰብስቦ ይጮህ ጀመር። «ማነው ኢሜይሉን የቆለፈው?» አለ አንዱ። «ኮምፒውተሩን የያዘው ነቢዩ አይደል!» አለ ሌላው። ነቢዩ ጫጫታ ሰምቶ ከክፍሉ ብቅ ሲል ያዙት። በብረት ዘንግ፣ በጫማ፣ በጡብ ደበደቡት። «እኔ አስጠንቅቄ ነበር፤ ሥርጉትን ጠይቋት!» እያለ ሲለምን ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

በስልክ የተባለውን እውነት የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እውነቱን ከተናገርኩ ግን «ታዲያ አንቺ ለምን አጥፋው አላልሽውም?» ሊሉኝ ነው። ከእግሬ ሥር የወደቀውን ግማሽ ጡብ አንሥቼ አፉን መታሁት። አንድ ጊዜ አይደለም። ሦስተኛው ላይ መንጋጋው ሲሰበር በእጄ ተሰማኝ፤ እውነቱን ልንገርዎ፣ በዚያች ቅጽበት ቀለል አለኝ።

ሆስፒታል ልጠይቀው ሄጄ ነበር። መንጋጋው በሽቦ ስለታሰረ በወረቀት ላይ ጻፈልኝ፤ «ፊሮምሳ ተረፈ?» ከዚያ ቀና ብሎ የተላላጡ ጣቶቼን ትክ ብሎ አያቸውና «ማን እንደመታኝ አላየሁም» ብሎ ጨመረበት። 

እርስዎም በሰላም እንደተመለሱ ፈጣን እርምጃ ወስደዋል፤ ለዚህም ምስጋናዬ ላቅ ያለ ነው። ባንክ ለሁለት ሳምንት የከለከለን ክፍያ አደጋው በደረሰ ማግስት በአንድ ሰዓት ተፈጸመ። የተከፈተው ኢሜይል መጀመሪያ ያደረሰን የእርስዎን መልእክት ነበር፤ አደጋው የደረሰው ፊሮምሳ ያለ ፈቃድ ማሽን በመነካካቱ እንደሆነ፣ ነቢዩም በቸልተኝነት ከሥራ እንደተሰናበተ ይገልጻል። ፊደሉ ያምራል፤ የከፈልንበት እንደሆነ ያስታውቃል። ለፊሮምሳ እናት ለእትዬ ጠጄ ሳነብላቸው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ልጄ፣ ይኼን የጻፈው ሰው እናት አለው?» አሉኝ። መልሱን ስለማላውቀው ለእርስዎ አስተላልፌዋለሁ።

በታላቅ አክብሮት፣ እጅ እየነሣሁ፣ ደም በነካው እጄ የፈረምኩት የዘወትር ታዛዥዎ፣

ሥርጉት ቢቂላ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ነገ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ የነቢዩን መንጋጋ የሰበርኩት እኔ መሆኔን አስመዘግባለሁ፤ ያን ዕለት በስልክ የተባባልነውንም አንድ ሳላስቀር እናገራለሁ። ቢሮው የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰው ይበዛል ስለሚባል እንዳይጉላሉ፣ ቀደም ብዬ ደርሼ ለእርስዎም ወረፋ እይዝልዎታለሁ።