በደጅሽ አልፎ የሄደው መልእክት

ካልዩሜት፣ ሚሺጋን
ኦክቶበር 14 ቀን 1985

የኔ ታምዚን፣

አላስካ በረደ ወይ? ካልሲውን በሌላ ጥቅል ልኬልሻለሁ።

አባትሽ ቀዶ ጥገና ከመግባቱ በፊት «ልጄን ጥሩልኝ» አለኝ። ስልክ ገና አላስገባሽም፤ ፖስታም ቶሎ አይደርስም። በካርድ የላክሽልንን የኮምፒውተር አድራሻ ይዤ ኮሌጁ ውስጥ የሚሠራው ጎረቤታችን ዋይኖ ጋ ሄድኩ። «አባባ ታሟል። ልጄን ጥሩልኝ ይላል። እማማ» ብሎ ላከልኝ። ዝም አልሽ። አባትሽም «ተያት፣ ሥራ ይዟት ነው» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ከዚያ ዴንዚል ጆሪ የሚባል የማናውቀው ሰው ቁጥራችንን ከዋይኖ ጠይቆ ከኮሎራዶ ደወለ። መልእክቱ የደረሰው እሱ ዘንድ ነው! የእናቱ መስሎት፣ ለዓመታት ያኮረፈው አባቱ ዘንድ ሞንታና ድረስ ነድቶ ሄደ። ሽማግሌው ጣራ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ ይመታል።

«አልታመምክም እንዴ?»

«ማን ነው ያሳመመኝ? ይልቅ መሰላሉን ያዝልኝ!»

መሰላሉን ያዘ። አባትየው ወርዶ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። ይህን ሁሉ የነገረኝ ዴንዚል ራሱ ነው።

ዋይኖን «ምን አድርገህ ነው?» አልኩት። እንዳስረዳኝ፣ አድራሻሽ ውስጥ ቃለ አጋኖም አለ፣ ያቺ የተከበበች «ኤ»ም አለች። አንዱ ማሽን አድራሻውን ከክቧ ጀምሮ ያነባል፤ መልእክቱም በኮሎራዶው ማሽን አልፎ አንቺ ጋ ይደርሳል። ሌላው ከቃለ አጋኖው ይጀምራል፤ መጀመሪያ አንቺ ጋ ይሄድና ወደ ኮሎራዶ ያልፋል። እዚያም ልክ እንደ እኛ ጆሪ የሚባል ሰው አለ። «ሁለቱም በየደንባቸው ልክ ናቸው፣ ወይዘሮ ላቭዴይ» አለኝ።

ታምዚን፣ ቃሌ አንቺ በምትሠሪበት ማሽን ውስጥ ገብቶ፣ በደጅሽ አልፎ ነው የሄደው። አስቢው እስቲ! የማይተዋወቁ ሰዎች ማሽኖች እየተደዋወሉ የኔን ቃል ሲቀባበሉት፣ ማንም ሳያዛቸው። ከሰማሁ ወዲህ መገረሜ አልለቀቀኝም፤ ሳህን እያጠብኩ እቆማለሁ።

ለአባትሽ ስነግረው ስፌቱ እስኪያመው ሳቀ። «የሰው ልጅ አባቱ ዘንድ ገባ በይኛ! ደግ ነው።» ቆይቶ፣ «እንግዲያ እሷ አልሰማችም ማለት ነው?» አለ። አልሰማችም አልኩት። ማታ ሾርባው ሲቀርብለት ደግሞ ጠየቀኝ።

ቀዶ ጥገናው ደህና ነው። ሐኪሞቹ ረጅም ሰዓት ይፈጃል ብለውኝ ነበር፤ ከፍተው አይተው ወዲያው ሰፍተው ወጡ። አልጋውን ወደ ምድር ቤት አውርደነዋል፣ ከወጥ ቤቱ መስኮት አጠገብ። መንገዱን ማየት ይወዳል።

ለገና እመጣለሁ ብለሽ ነበር። ገናን አትጠብቂ።

መንገድሽ የቀና፣ አብሮሽ የሚጓዝ ሁሉ ደግ ሰው ይሁንልሽ።

እናትሽ ላቭዴይ