ያልታሸው የሩዝ ከረጢት

ውድ ቺንግሻን፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ ያለዚያ ስለማይጀመር ነው። ደግሞ አዲሱ የመታሻ ቤትህ በር ላይ የሰቀልከውን የዋጋ ሰሌዳ አይቼዋለሁ፤ ውድነትህን የሚጠራጠር የለም። በስልክ ያልጻፍኩልህ መልእክቶችህን የምታነብልህ ያቺ ጥፍረ ረጅም ረዳትህ ስለሆነች ነው። ይህን ግን አንተው ራስህ ቁጭ ብለህ እንድታነበው እፈልጋለሁ።

የምረቃው የግብዣ ካርድህ ደርሶናል። ወርቃማው ቀለም እጃችን ላይ እየቀረ በሳሙና ነው ያስለቀቅነው። ከስምህ ሥር «የመምህር ሙ የእጅ ጥበብ ብቸኛ ወራሽ» ይላል። ብቸኛ! እንግዲህ እኔ፣ ጠዋት የመምህርን ሱቅ ከፍቼ እስኪመሽ የከተማችንን የያንግዡን ሰው ወገብ ሳሽ የምውለው ሩዪን፣ ሞቻለሁ ማለት ነው። ለቀብሬም አልጠራኸኝም።

ከካርዱ በኋላ የላክህልኝንም የድምፅ መልእክት ሰምቻለሁ። «እትዬ፣ አንቺ ብቻ አሳምኚልኝ። መኪና እልካለሁ፣ መምህር ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ እኔ ካሜራው እያየ ተንበርክኬ ሻይ አቀርብላቸዋለሁ። አንድ ጉንጭ ሻይ ነው፤ ምን ይጎዳቸዋል?» ዓይንህን በጨው ታጥበህ ይህን ለእኔ ትላለህ። መምህር የተማሪውን ሻይ ከጠጣ «ልጄ ነህ፣ እጅህ እጄ ነው» ማለቱ እንደሆነ፣ ካልጠጣ ደግሞ «ገና ነህ» ማለቱ እንደሆነ የሰፈራችን ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ያንተ ሻይ ጠረጴዛ ላይ ቀዝቅዞ እናታችን፣ የመምህር ባለቤት፣ አበባ እንዳጠጡበትም አትረሳውም።

አልዋሽህም፣ ካርዱን ሳይ ፈርቼ ነበር። መምህር አርጅተዋል፣ ላንተ ደግሞ ልባቸው ሁልጊዜም ስስ ነው። ከአባታቸውና ከአያታቸው የወረሱት ስም በአንዲት ጉንጭ ሻይ ያንተ ሊሆን ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

ሙያውን እንዴት እንደጀመርነው ለደንበኞችህ የምትነግራቸው ሌላ ነው አሉ፤ ተራራ ላይ፣ ጭጋግ ውስጥ፣ ነጭ ፂም ካላቸው አባት ዘንድ። እኛ የጀመርነው ቦይ ዳር ባለችው ጠባብ ክፍል፣ የጎረቤት የዓሣ መጥበሻ ሽታ እያፈነን ነው። ሰው እንድንነካ አልተፈቀደልንም። የተሰጠን በሩዝ የተሞላ የጨርቅ ከረጢት ብቻ ነበር። አውራ ጣትን መሃሉ ላይ መትከል፣ አንጓን አላልቶ ማወዛወዝ፣ ቀኑን ሙሉ ያንኑ። መምህር ከኋላችን እየተመላለሱ ይቆጣሉ፦ «ትከሻ ይውረድ! ክርን ይንጠልጠል! መዳፍህ ውስጥ እንቁላል አለ በል፤ ምነው አነቅከው፣ ገና አልተቀቀለም እኮ!»

አንተ ደግሞ፣ «መምህር፣ ይሄ ከረጢት ግን መቼ ነው ተሻለኝ የሚለው?»

ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸውም ሳቁ። ቀልድህ ይገድል ነበር። እጅህ ግን ያኔም ሰነፍ ነበር። መምህር ሲወጡ ከረጢቱን ትራስ አድርገህ ትተኛለህ፣ የእግራቸውን ኮቴ ስትሰማ ላብ እንዲመስል ግንባርህን በሻይ ታርሳለህ። እኔ አውራ ጣቴ አብጦ በግራ እጄ ስበላ፣ አንተ «እትዬ፣ ሩዝ በድስት እንጂ በጣት አይበስልም» ትለኝ ነበር።

ከዚያ የፀደይ በዓል ደረሰ። የመምህርን ልማድ ታውቀዋለህ፤ በዓሉ ሲቃረብ የእያንዳንዳችን ከረጢት ተተርትሮ ሰፌድ ላይ ይፈስሳል። በደንብ የታሸ ሩዝ መሃል መሃሉ ተሰባብሮ ዱቄት ይወጣዋል። የእኔ እፍኝ የማይሞላ ዱቄት ነበረው፣ በዚያች እፍኝ ኮርቼ ነበር። ያንተ ከረጢት ሲፈታ ግን ጉድ ተባለ። ከላይ እስከ ታች የላመ፣ ነጭ፣ ንጹሕ ዱቄት! አንዲት ያልተሰበረች ፍሬ የለችበትም። አንተም እጅህን አጣምረህ አንገትህን ዝቅ አድርገህ ቆምክ፣ ትሕትና እንደገደለው ሰው።

መምህር ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ። ሰፌዱን ለእናታችን አቀበሉና፣ «በዚህ የበዓሉን የሩዝ ድቡልቡል ሥሪልን፤ ሰሊጥ አብዢበት» አሉ።

የሰጡን ሩዝ ተራው የቀን በቀን ሩዝ ነበር፤ የእሱ ዱቄት የፈላ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይበታተናል። ያንተ ግን አንድም አልፈረሰም። ክብ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጥርስ ላይ የሚሳብ። ወፍጮ ቤት ሄደህ ስትገዛ የሚጣበቀውን ሩዝ፣ ያንኑ ለድቡልቡል የሚሆነውን አስፈጭተህ አምጥተሃላ! ለማጭበርበር እንኳ ትክክለኛውን ሩዝ አልጠየቅክም። እናታችን ሳህንህን እየሞሉ፣ «ይገርማል እኮ ልጄ፣ አውራ ጣትህ የሩዙን ዘር ለወጠው!» አሉህ። አንተም «ትጋት ነው፣ እናታችን» ብለህ ጨምሩልኝ አልክ። እኛ ከንፈራችንን ነክሰን ስንቀር አንተ እየጠጣህ፣ እየበላህ፣ በመጨረሻ ተነሥተህ ሻይህን አቀረብክ። ያ ሻይ ነው የቀዘቀዘው።

በነጋታው ሳትሰናበት ሄድክ። ሐይቁ ዳር ባለው ሆቴል የቱሪስት አንገት ቋ ማድረግ ጀመርክ ሲሉ ሰማሁ። ቋ ሲል የተፈወሱ ይመስላቸዋል፣ አጨብጭበው ይከፍላሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እያልኩ ጠበቅኩ፤ አልተፈታብህም። ሁለተኛ ቤት፣ ሦስተኛ ቤት ከፈትክ። በግልጽ ልንገርህ፣ ናቅኩህ። ከመናቅም አልፎ፣ አንተን ለመናቅ የማጠፋው ጊዜ አናደደኝ።

እና ባለፈው ጠዋት፣ እናታችን የአኩሪ አተር ወተቱን እየቀዱ ሳለ፣ ከካርዱ ጋር የላክኸውን ቪዲዮ ለመምህር አሳየኋቸው። ከሰው የሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው። ሐር ለብሰህ ስለ ዘር ማንዘራቸው ስታወራ ፊታቸውን አየሁ፤ ሊራሩልህ መሰለኝ።

«ድምፁን አጥፊልኝ» አሉ።

አጠፋሁት። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

«እዚህ ጋ አቁሚው። አውራ ጣቱን አየሽው?»

ቆዳ የሚመስል ፕላስተር ጠቅልለህበታል። «ያው ማጭበርበሪያው ነው» አልኳቸው። «ኃይሉ በጣቴ እንዳይተን ነው ብሎ ለሰው ሁሉ ያወራል።»

«ምን ኃይል! በአጥንቱ ነው የሚገፋው። አንጓው ደርቋል፣ ትከሻው ተሰቅሏል። መጋጠሚያው እያለቀ ነው።»

«ይበለው!»

«ዝም በይ አንቺ!» እንደዚያ ሲጮኹብኝ የመጀመሪያዬ ነው። «በዚህ ከቀጠለ መመገቢያ እንጨት እንኳ መያዝ ያቅተዋል።»

እናታችን ከምድጃው ሳይዞሩ፣ «ታዲያ ድቡልቡሉን በምን ሊበላ ነው?» አሉ።

እኔ ሳቅኩ፤ መምህር አልሳቁም። አውራ ጣትህ ላይ ያቆምኩትን ምስል እያዩ ወተታቸው ቀዘቀዘ። በመጨረሻ፣ «አልሄድም። ሻዩንም አልጠጣም» አሉ። ደስታዬን ልደብቅ ስሞክር፣ «ይምጣ በይው። ከመጀመሪያው ይጀምር» ብለው ጨመሩ።

ደሜ ፈላ። «እሱን? ስምዎን እየቸረቸረ የሚኖረውን?»

«ስሜን ቢቸረችር ምን ይሆናል? ሰው አንድ ጊዜ በእጁ ከታሸ እውነቱን ያውቀዋል። ያ ልጅ ግን ሌላ አውራ ጣት ከየት ያመጣል?»

አኮረፍኩ። ከሰዓት በኋላ ስመለስ እናታችን መነጽራቸውን አድርገው ሰማያዊ ጨርቅ ሲሰፉ አገኘኋቸው። ጠርዙን ሁለት ጊዜ ደግመው ሰፉት፣ እንዳይተረተር። ለእኔ ሲሰፉልኝ እንደዚያ አልደገሙትም።

እንግዲህ መልሱ ይኸው። መኪናህን እንዳትልክ። ካርዱ ላይ ያለውን ስም ትፍቀው አትፍቀው ያንተ ጉዳይ ነው። እኔ አልታረቅኩህም፣ ይህንንም ደብዳቤ የጻፍኩት መምህር ስላዘዙኝ ነው። ከመጣህ ግን በሩን እከፍትልሃለሁ። ቦታህ መስኮቱ ሥር ነው፣ ዓሣ መጥበሻው አሁንም እዚያው አለ። ሐሩን አውልቀህ ና። መምህር ከኋላህ ሲቆሙ ትከሻህ እስኪወርድ ድረስ እኔም ቆሜ አያለሁ፣ ያን ደስታ ማንም አይነፍገኝም። ምናልባት አንድ ቀን ሻይህ ይጠጣ ይሆናል፤ እስከዚያው ፕላስተሩን አንሣና ጣትህን በሞቀ ውሃ ንከረው።

ከረጢቱን ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ። ባዶ ነው። ሩዙን ራስህ ግዛ፤ ያልተፈጨውን።

ገና ያልሞተችው እህትህ፣
ሩዪን