ስለ አጎቴ ቀብርና ስለ ጀልባዎ ሰዓት አክባሪነት

ለማዶ ለማዶ የሕዝብ ጀልባዎች ማኅበር
ለተከበሩ ሊቀመንበር
ባሉበት (ስብሰባ ላይ መሆንዎን ስለማውቅ፣ እዚያው)

ሀዋሳ፣ ነሐሴ 2001 ዓ.ም.

የተከበሩ ሊቀመንበር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ወንበርዎስ? ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ በቢሮዎ መስኮት ገብቶ ብርድ እንዳያስመታዎ፣ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ ነዋሪና የሴቶች ልብስ ሰፊ የሆንኩት እኔ ካሰች ደምሴ ከነቤተሰቤ እመኝልዎታለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ልብሳችንም ደርቋል።

የእናቴ የወይዘሮ ዘነበች ብቸኛ ወንድም ሞገስ ባለፈው ሐምሌ ከሐይቁ ማዶ ባለው መንደሩ ዐረፈ። እሱና እናቴ ለአሥራ አንድ ዓመት ተኳርፈው ነበር፤ ምክንያቱ ደግሞ የእኔ ሰርግ ነው። አባቴ በሕይወት ስላልነበረ መርቆ እንዲድረኝ የተጠበቀው አጎቴ ሙሽራው ይዞኝ ከሄደ በኋላ እያለከለከ ደርሶ፣ «ጀልባዋ ዘገየችብኝ» አለ። እናቴም «ዐይን ያወጣ ውሸት!» ብላ ፊቷን አዞረችበት፤ እንዳዞረችም ቀረች። መርዶው ሲነገራት ግን አንጀቷ አልቻለም፤ አፈር ሳይለብስ ደርሳ ውሸቱን ይቅር ልትለው ተነሣች። ቀብሩ ሰባት ሰዓት ነበር። ዋናውን መንገድ ክረምቱ ከነድልድዩ ስለወሰደው፣ እናቴ፣ ባለቤቴ ባህሩና እኔ በአንድ ባጃጅ ተጣብቀን ወደ አሞራ ገደል የጀልባ መነሻ፣ ከዚያም ወደ እርስዎ መልካም ፈቃድ ገሰገስን። ምስጋናዬ በተራ ቁጥር የሚከተለው ነው።

1. የጠዋቱ የሦስት ሰዓት ጀልባ በመነሣት ፈንታ ልክ በሦስት ሰዓት ስብሰባ ስለተጠራልን እናመሰግናለን። የስብሰባው ርእስ «ሰዓት አክባሪነት ለመልካም አስተዳደር» የሚል ነበር። ተሰብሳቢው አንሷል ተብሎ ተሳፋሪውም በተሳታፊነት እንዲመዘገብ በመደረጉ፣ የሰባ አራት ዓመቷ እናቴ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች በስም መቆጣጠሪያው ወረቀት ላይ አውራ ጣቷን አሳረፈች። ባህሩ የቡድን ሦስት ጸሐፊ ሆኖ ተመረጠና፣ ሰዓት ቢከበር መልካም መሆኑን ቡድኑ በሙሉ ድምፅ እንዳመነበት በንባብ አሰማ። ተጨበጨበለት። ባሌን በአደባባይ ተጨብጭቦለት ሳይ የመጀመሪያዬ በመሆኑ ለዚህ ውለታዎ ቃል የለኝም።

ምክትልዎ ሪፖርት ሲያቀርቡ ታዲያ፣ ማኅበሩ ከተመሠረተ ጀምሮ የሦስት ሰዓቱ ጀልባ ከወዲህም ሆነ ከማዶ በሰዓቱ የተነሣበት አንድም ቀን አለመኖሩን «በግልጽነት መንፈስ» አመኑ። ስታንጎላጅ የነበረችው እናቴ ቀና ብላ፣ «በዘጠናም?» ስትል ጠየቀች። «በዘጠናም እማማ» አሉ ምክትልዎ፣ ለጥያቄውም አመሰገኗት። ያገባሁት በዘጠና ነው፣ ክቡርነትዎ። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች፤ ይቅር ልትል የመጣችው ሴትዮ ይቅርታ ጠያቂ ሆና ተገኘች። ስብሰባው በአምስት ሰዓት ተኩል «በሰዓት እጥረት» ተበተነ።

2. አንድ ሰዓት ተጉዘን ማዶ ስንደርስ ጀልባ ነጂው፣ በጥብቅ መመሪያዎ መሠረት፣ እንደ ድሮው በመንደሩ አፋፍ ሳይሆን «በአዲሱ ወደብ» አወረደን። ወደቡ እጅግ ያማረ የመሠረት ድንጋይ አለው፤ ሪባኑም አልደበዘዘም። ከድንጋዩ ሌላ ያለው ውሃ ነው፤ እስከ ወገብ። ባህሩ አማቱን አዝሎ፣ ጫማዋን በጥርሱ ነክሶ ተሻገረ። ደግነቱ ለዚያን ጊዜ አማቱ የምትነግረውን ሁሉ ሳይመልስ ሰማ።

3. ሰባት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲቀረው ከዛፎቹ መሐል ድንኳን አየንና ሮጥን። እንግዲህ እንደሚያውቁት፣ ለቅሶ ቤት የሚደርስ ሰው ከሩቅ እያለቀሰ ይገባል እንጂ ደጅ ቆሞ «የሞተው ማነው?» ብሎ አይጠይቅም። ሳጥን ባለማየቷም እናቴ «ሳልደርስ ቀበሩት!» ብላ ደረቷን መታች። «ሞጌ ወንድሜ፣ ባለ ጢሙ፣ ባለ ቁመናው! ጀልባዋ እውነትም አትነሣም ኖሯል! አንተን ውሸታም ያልኩህ እኔ ነኝ ውሸታሟ፣ ይቅር በለኝ!» እያለች የአሥራ አንድ ዓመቱን አወረደችው። ድንኳኑ በሙሉ ተነሥቶ አብሮ አነባ። ከአስለቃሾቹ አንዷ የሟችን ፎቶግራፍ ከፍ ስታደርገው ግን ባህሩ ክንዴን ቆነጠጠኝ። ፎቶው ላይ ያሉት ሻሽ ያሰሩ ደርባባ ባልቴት ነበሩ። ወይዘሮ ጽጌሬዳ ይባላሉ፤ ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። ስለ ጢማቸው ያን ሁሉ ሲሰሙ ልጆቻቸው በይሉኝታ አብረው ደረታቸውን መቱ።

ይቅርታ ልንጠይቅ ስንንተባተብ የሟች የበኩር ልጅ አቶ አምሳሉ፣ «ለእናቴ እንዲህ አድርጎ ያለቀሰላት ሰው የለም» ብሎ ጋሪውን በፈረስ ጠመደና ወደ አጎቴ መንደር አከነፈን።

4. የመንደሩ ሽማግሌዎች የሟች እህት በጀልባ እንደምትመጣ ሲሰሙ ቀብሩን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገፍተውት ነበርና፣ ዝናዎ ማዶ ድረስ በመሻገሩ እንኳን ደስ አለዎ። ስንደርስ ሳጥኑ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ነበር። እናቴ ሮጣ እጇን ጫነችበት፤ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። ድምፅዋ በወይዘሮ ጽጌሬዳ ላይ አልቆ ነበር። ያን ጊዜ ልቤ ተሰበረ፣ ክቡር ሊቀመንበር፤ ይህን ሳላፌዝ ነው የምጽፍልዎ።

ይሄኔ አቶ አምሳሉ ጋሪው ላይ ቆሞ፣ በዚያ ወፍራም ድምፁ፣ የሰማውን አንድም ሳያስቀር «ሞጌ ወንድሜ፣ ባለ ጢሙ!» ሲል ጀመረ። ጀልባዋንም፣ ውሸታሟንም፣ ይቅር በለኙንም አደረሰላት። ቀብርተኛው ይህ ወንድም ከየት መጣ ብሎ ተያየ፤ ከዚያ ሳቁና ለቅሶው ተደባለቀበት። እናቴ ሳጥኑን መታ መታ እያደረገች፣ በእያንዳንዱ ቃል ራሷን ትነቀንቅ ነበር። እኔም እየሳቅሁ አለቀስኩ። አፈሩ ከዚያ በኋላ ተመለሰ።

ለወንበርዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለስብሰባዎ ምልዓተ ጉባኤ፣ ለመሠረት ድንጋይዎ ታናናሽ ወንድሞች እየተመኘሁ፣ ቀሚሷን ሦስት ጊዜ አጥባ ጭቃው ያልለቀቀላት አክባሪዎ፣

ካሰች ደምሴ

ማስታወሻ፦ በ1990 ዓ.ም. በሰርጌ ዕለት ጀልባዋ መዘግየቷን የሚያረጋግጥ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ለእናቴ እንዲጻፍልን፣ ግልባጩም ለሟች እንዲደርስ በትሕትና እጠይቃለሁ። በጀልባዎ ግን እንዳይልኩት፤ እናቴ ሰባ አራት ዓመቷ ነው፣ ከደብዳቤው ቀድማ እሱ ዘንድ ትደርሳለች።