ለአባቴ ክብር ስለተገመተው ሻምፓኝ

ለተከበሩ ሙሴ ጎድሮን፣ የቫልመሪ መንደር ከንቲባ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። በወይን ገበሬዎች ጠባቂ በቅዱስ ቪንሰንት በዓል ዕለት ብርጭቆዎን ከሁላችንም ቀድመው ስለጨለጡ ጉሮሮዎ ደህና እንደሚሆን አልጠራጠርም። የእኛ ግን እስከ ዛሬ እንደደረቀ ነው።

ይህን በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ ለአባቴ ለፊርማን ቪላርሜ ክብር ጽዋ እናነሣለን ብለው መንደሩን የጠሩት በአደባባይ ስለሆነ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የሌላ ሰው ወይን ሲገርዝ የኖረ፣ የራሱ አንዲት ሐረግ እንኳ የሌለችው ሰው ነው። የዚያን ዕለት ማለዳ ጫማውን ራሱ ወለወለ፤ ሰው ይመጣ ይሆን እያለ ደጋግሞ ጠየቀኝ። እንግዲህ ቅሬታዬን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ ስንት ጠርሙስ እንደሚበቃን ለገመቱበት ጥልቀት አመሰግናለሁ። አንድ ጠርሙስ ስድስት ብርጭቆ እንደሚሞላ እዚህ አገር ሕፃን ልጅም ስለሚያውቀው በማካፈሉ አልተሳሳቱም፤ የተሳሳቱት በሰው ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ጠርሙሱ እንዳያንስ ብለው ቢያሳስቡዎት፣ «ሻምፓኝ በየጓዳው ሞልቶ ለአንድ ብርጭቆ ብሎ ማን ከቤቱ ይወጣል? የፊርማን እኩዮችም አልቀዋል» ማለትዎን ሰምተናል። እውነትዎን ነው፣ ለሻምፓኙ ብሎ የመጣ አልነበረም። ወይናቸውን የገረዘላቸው መጡ፣ መቀስ አያያዝ ያስተማራቸው መጡ፣ በወይን ለቀማ ወራት አብረውት ያጎነበሱት ከሩቅ አገር ሳይቀር መጡ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው ደረጃው ላይ ቆመ፤ ያዘዙት ጠርሙስ ግን የአዳራሹ መሃል እንኳ ሳይደርስ አለቀ።

ሁለተኛ፣ በመንደራችን የመጨረሻው ሰው ብርጭቆ እስኪይዝ ድረስ ማንም ከንፈሩን እንደማያስነካ፣ እዚሁ ተወልደው አድገዋልና፣ ያውቃሉ። የያዘው እንደያዘ፣ ያልያዘውም ባዶ እጁን ቆመን ስንጠባበቅ ግን እርስዎ ምሳ ደርሶብዎት ነው መሰል «ለፊርማን» አሉና ብቻዎን ጨለጡ። አባቴ ብርጭቆውን ይዞ በሩ ላይ የቆሙትን ያይ ነበር። አረፋው እስኪጠፋ ጠበቀ፤ ከዚያም ሳይቀምሰው ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠው። እኔ በቆምኩበት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

ሦስተኛ፣ ጓዳዋ ከአዳራሹ ፊት ለፊት የሆነው ጎረቤታችን ሌዮንስ፣ ሮጣ ጠርሙስ እንድታመጣ ፈቃድዎን ጠይቃ ነበር። እርስዎም በዚያ ለስላሳ ድምፅዎ፣ «ተዪው ሌዮንስ፣ የአንዱን ቤት ጠርሙስ ካስገባሁ ሌላው ያኮርፋል» አሏት። ከእግራችን ሥር በየምድር ቤቱ የወይን ጓዳ ስንትና ስንት ሻምፓኝ ተደርድሮ ሳለ፣ የባለወይኖቹን ኩርፊያ ፈርተው የአንድ ሽማግሌ ልብ ሰበሩ። ለዚህ ጥንቃቄዎ መንደሩ ውለታዎን አይረሳም።

ቤት ስንገባ አባቴ አላማረረም። ኮቱን እያወለቀ፣ «ሶላንዥ፣ ለእኔ ብሎ ይሄን ያህል ሰው ይመጣል ብለው አላሰቡም ማለት ነው» አለኝ፤ ከዚያም ራት አልበላም ብሎ ተኛ። ክቡር ሆይ፣ ሻምፓኙን እንኳ እረሳዋለሁ። አባቴ በእርስዎ ዓይን ምን ያህል እንደሚመዝን፣ በዚያ ሁሉ ወዳጁ ፊት በጠርሙስ ሰፍረው ስላሳዩት ግን ይቅር ልልዎት አልችልም።

ለሕዝብ ንብረት ያለዎትን ቁጥብነት እያደነቅሁ፣ ጤናና ረጅም ዕድሜ፣ በስተርጅናዎም እንደ እርስዎ የሚገምትልዎት ከንቲባ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና በባዶ ብርጭቆ እሰናበትዎታለሁ።

ሶላንዥ ቪላርሜ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በግቢያችን ለአባቴ ጽዋ ይነሣል። ከየቤቱ ጠርሙስ መጥቷል፤ እስካሁን ያኮረፈ የለም። የሚመጣውን ሰው ስንገምት እኔ እርስዎን ከቁጥሩ ልተውዎት ነበር፤ እምቢ ያለው አባቴ ነው። የእርስዎ ብርጭቆ በእጅዎ እስኪገባ ድረስ ማንም እንዳይጠጣ ብሏል። ስለዚህ እባክዎን አያርፍዱ፤ መንደሩ በሙሉ ብርጭቆውን ይዞ፣ በሩን በሩን እያየ ይጠብቅዎታል።