ፀሐይ እንዳይነካው ስለታሸገው ሶላራችን

ለተከበሩ የሕንፃ ደንብ ማስከበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሶላር የውኃ ማጠራቀሚያ አለመሆኑን በትሕትና ስለማስታወስ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ትንፋሽዎ ሙሉ፣ እንቅልፍዎ ያልተቆራረጠ፣ ደረጃ ሲወጡ ጉልበትዎ የማይከዳዎ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም፤ ትንፋሽ ምን ያህል ውድ እንደሆነ በየቀኑ ከአጠገቤ ስለማየው ነው። እኛስ ደህና ነን እንዳልልዎ፣ ለመንግሥት ጽሕፈት ቤት ሐሰተኛ መረጃ መስጠት ስለሚያስቀጣ አልደፍርም።

እኔ ከጽሕፈት ቤትዎ ጀርባ ባለው ሕንፃ፣ የመጨረሻው ፎቅ ላይ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ከእኔ ጋር ታላቅ ወንድሜ ይኖራል። ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲበይድ የኖረ ሰው ነው፤ የሰፈሩ ሰው ብልጭታ ይለዋል፣ እኔ ጋሼ እለዋለሁ። የብየዳው ጭስ ሳንባውን ስለጨረሰው ዛሬ የሚተነፍሰው ከአልጋው ራስጌ በቆመ የኦክስጅን ማሽን ነው። ማሽኑ የሚሠራው በመብራት ነው። መብራት ሲሄድ ማሽኑ ጥቂት ይጮኽና ዝም ይላል፤ ያኔ ከአንዲት ትንሽ ሲሊንደር ጋር እንቀራለን፣ እሷም እንደ ደሞዝ ሳናውቃት ታልቃለች። መብራት ደግሞ በእኛ ሰፈር እንግዳ ነው፤ መምጫውንም መሄጃውንም አይናገርም።

ስለዚህ ያለንን አራግፈን ሶላርና ባትሪ ገዛን። ሰሌዳዎቹ የሚያርፉበትን ብረት ጋሼ በገዛ እጁ በየደው። ኦክስጅንና እሳት አይዋደዱምና ማሽኑን ክፍል ውስጥ ትቶ በረንዳ ላይ አንዲት መጋጠሚያ ይበይዳል፤ መነጽሩን አውልቆ ይገባና ቱቦውን አፍንጫው ላይ አድርጎ ያርፋል፤ ከንፈሩ ቀለሙ ሲመለስ እንደገና ይወጣል። ተው ብለውም አልሰማ አለኝ፤ የመጨረሻ ሥራዬ ከሆነ ለራሴ ትንፋሽ ይሁን አለ።

ያ ሶላር ዛሬ ጣራችን ላይ አለ። ተከድኖ፣ በሽቦ ታስሮ፣ በጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም ታሽጎ ተቀምጧል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሲባል በልጅነቴ እሰማ ነበር፤ ላሟን ጣራዬ ድረስ አምጥቶ ያሳየኝ ግን የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ነው። እንዴት እዚህ እንደደረስን እንደሚከተለው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ደንብ የሚወድ ሰው ቁጥርም እንደሚወድ አውቃለሁና።

አንደኛ፦ ደንብ ስላወጡልን ከልብ አመሰግናለሁ። በሕንፃ ላይ ስለሚተከል ሶላር የሚናገረው መመሪያ በደረጃችን ሥር ሲለጠፍ፣ ከድሮም የነበረው የውኃ ታንከር መመሪያ እዚያው አጠገቡ ስለነበር፣ ጄሪካናችንን ይዘን ውኃ ስንጠብቅ ሁለቱን ጎን ለጎን የማንበብ ዕድል አገኘን። ጽሕፈት ቤትዎ ሥራ እንዳይበዛበት ብሎ የታንከሩን መመሪያ እንዳለ ገልብጦ፣ ታንከር የሚለውን ሁሉ ሶላር ሰሌዳ በሚለው እንደተካው ለመረዳት ብዙ መማር አላስፈለገንም። በዚህ መሠረት ሶላራችን እንዳያፈስ መፈተሽ፣ ውስጡ በየጊዜው በክሎሪን መታጠብ፣ ሞልቶ ሲተርፍም ትርፉን የሚያስወግድ ቱቦ ሊኖረው ይገባል። ይህን ሁሉ በደስታ እንቀበል ነበር። አንቀጽ ሰባት ግን እንዲህ ይላል፦ «ሶላር ሰሌዳው አልጌ እንዳይበቅልበት፣ የፀሐይ ብርሃን ፈጽሞ በማያስገባ ክዳን ዘወትር ተከድኖ መቀመጥ አለበት።»

ሕንፃው በሙሉ ሳቀ። ምድር ቤት ያሉት እናት «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ብለው ተረቱ፤ ሌሎቻችን ደግሞ ተሳስተው ነው፣ ነገ ያርሙታል ተባባልን። ወጥቼ ለጋሼ ሳነብለት ከሁላችን አብልጦ የሳቀው እሱ ነበር፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ጀርባውን ደግፌ ብዙ ቆየሁ። ያን ቀን ያሳቀን ነገር እንዲህ እንደሚያስለቅሰን ማን ያውቃል።

ሁለተኛ፦ ተቆጣጣሪዎን ስለላኩልን አመሰግናለሁ። በሰፈራችን ባለ ሜትሩ የሚባሉት እኚህ ሰው ቅን ሰው ናቸው። ጣራው ላይ ወጥተው የሰሌዳዎቹን ቁመትና ወርድ ለኩ፣ የጋሼን ብየዳ በእጃቸው ዳሰው አደነቁ፣ ከዚያ ክዳኑስ የት አለ አሉ። ሶላር የሚበላው ፀሐይ ነው፣ ከተከደነ ጦሙን ያድራል ብዬ አስረዳኋቸው። እሳቸውም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ አውቃለሁ እኅቴ፣ እኔም ቤት አንድ አለች፣ ነገር ግን ደንቡ ተሳስቷል ብዬ ሪፖርት ብጽፍ ተሳሳተ የሚባለው ደንቡ አይደለም፣ እኔ ነኝ አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የልጆች አባት ናቸው፤ አልተቀየምኳቸውም።

ሦስተኛ፦ ስለ ፈቃድ መጠየቂያው ቅጽ። የመያዝ አቅም በሊትር የሚል ባዶ ቦታ ነበረው። ባዶውን ብተወው አልተሟላም ተብሎ ተመለሰ። ዜሮ ብዬ ብጽፍ፣ ምንም የማይዝ ዕቃ ከአገልግሎት ውጪ ስለሆነ ከጣራ ይነሣ የሚል መልስ መጣ። ጋሼን ባማክረው፣ የቻለውን ያህል ብለሽ ጻፊ አለኝ። ጻፍኩ። ጸደቀ። ስለ ቅልጥፍናዎ ምስጋናዬ ወደር የለውም፤ እስከዛሬ ከጽሕፈት ቤትዎ ያገኘሁት ብቸኛ እሺታ ይኸው ነው።

አራተኛ፦ ስለ ክዳኑ። እዚህ ላይ የምወቅሰው እርስዎን ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ከሙሽራ ቬሎ ከተረፈ ስስ ቱል ክዳን ሰፋሁ፤ ክዳንም እንዲሆን፣ ፀሐይም እንዲያሳልፍ። ባለ ሜትሩ ከሥሩ ሆነው ሰማዩን አዩና ብርሃን ያስገባል ብለው መለሱልኝ። ፈቃዱ እንዳይሰረዝብኝ ስለፈራሁ ሁለተኛውን ከወፍራም ሸራ፣ በጥቁር ገበር፣ በድርብ ስፌት ሰፋሁት። ሰውየው ጭንቅላታቸውን ከክዳኑ ሥር አስገብተው ጥቂት ቆዩና፣ እኅቴ፣ እጅሽ ይባረክ፣ አንዲት ጭላንጭል የለችም አሉ። ክቡር ሆይ፣ ደስ አለኝ። ሥራው የተመሰገነለት ሰው ደስ እንደሚለው ሁሉ ደስ ብሎኝ ደረጃውን ወረድኩ፤ የቤታችንን በር ስከፍትና የማሽኑን ድምፅ ስሰማ ነው ምን እንደሰፋሁ የገባኝ።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ክዳኑን ገለጥ እያደረግኩ ባትሪውን እሞላ ነበር። አልክድም። ነገር ግን የቢሮዎ መስኮት ትክክል ወደ ጣራችን ነው የሚያየው፤ እርስዎም ንቁ አመራር ነዎትና አዩኝ። በማግሥቱ ባለ ሜትሩ አንገታቸውን ደፍተው መጡ፤ ክዳኑን በሽቦ አስረው በማኅተም አሸጉት፤ ማኅተሙን የነካ ይታሰራል የሚል ወረቀትም ሰጡኝ። የዚያን መስኮት ፍርግርግ፣ ጤናው ደህና በነበረበት ዘመን፣ የበየደው ጋሼ እንደሆነ ሳልነግርዎ ባልፍ ይቆጨኛል። ሠርቶ ሲጨርስ ከዚህ ሰማዩ ቁልጭ ብሎ ይታያል ብሎኝ ነበር።

አምስተኛ፦ ደጅ ስላስጠኑኝ። እግሬ እስኪቀጥን ተመላለስኩ። ጸሐፊዎ ደግ ሴት ናቸው፤ ሁልጊዜ ወንበር ይሰጡኛል፣ ጋሼ እንዴት አደረ ይሉኛል፣ ከዚያ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ይሉኛል። አንድ ቀን በመጨረሻ እርስዎን ኮሪደር ላይ አግኝቼ ስለ አንቀጽ ሰባት ስነግርዎ በትዕግሥት አዳመጡኝ፤ ሐሳቤ ገንቢ መሆኑን፣ ነገር ግን መመሪያ የሚያሻሽለው ኮሚቴ እንደሆነ፣ ኮሚቴው ደግሞ የአዳራሹ መብራት እየጠፋ ሊሰበሰብ እንዳልቻለ ገለጹልኝ። ለምን አዳራሹ ጣራ ላይ ሶላር አታስገቡም ልል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

ስድስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር። ግን ክቡር ሆይ፣ ቁጥሩ እዚህ ላይ አልታዘዝልሽ አለኝ፤ ስለዚህ ዝም ብዬ ልንገርዎ።

ሶላሩ ታሽጎ፣ ከእሱ በቀር የሚሞላው የሌለው ባትሪያችን ባዶውን ከቀረ ወዲህ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያተርፈን ከእኛ በታች የሚኖረው ጎረቤታችን ታክሲ ነጂው ነበር። የማሽኑን ጩኸት ሲሰማ የመኪናውን ባትሪ ይነቅልና ያንን ሁሉ ደረጃ በትከሻው ተሸክሞት ይወጣል፤ የባትሪን ኃይል ለማሽኑ ከሚቀይረው ኢንቨርተራችን ጋር እናያይዘዋለን፣ መብራት እስኪመጣ እሱ ሥራውን ፈትቶ ከጋሼ አልጋ ሥር ይቀመጣል። አመሰግናለሁ ስለው፣ ተይ እንጂ እትዬ፣ ጋሽ ብልጭታ የመኪናዬን ስንት ነገር በነጻ በይዶልኛል ይለኛል። ባለፈው ሳምንት ግን መብራት የጠፋው እሱ ሥራ ላይ ሳለ ነው። እኩለ ቀን ነበር፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ሲሊንደሯን ከፈትኩ። ለጋሼ ትቆይለት ብዬ ቀስ አድርጌ ብለቃት አነሰችው፤ ከፍ ባደርጋት ደግሞ ቶሎ ልታልቅ ሆነ። አንድ እጄ ቁልፏ ላይ፣ አንድ እጄ ደረቱ ላይ ሆኖ፣ መርፌዋ ወደ ቀዩ ስትወርድ አየሁ። ጥፍሩ ሰማያዊ ሆነ። እኔን ላለማስፈራት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያን ሁሉ ጊዜ ከጭንቅላታችን በላይ፣ ከአንድ ኮርኒስ ማዶ፣ ሊያተርፈው የሚችለው ነገር እኔ በሰፋሁት ሸራ ተሸፍኖ ተኝቶ ነበር።

መብራቱ መጣ። ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ በሌላ ቋንቋ ነበር። ጋሼ ትንፋሹ ሲመለስለት መጀመሪያ ያለው፣ እንዳትነኪው፣ አንቺን ካሰሩሽ እኔን ማን ይይዘኛል ነው። ስለዚህ አልነካሁትም። እፈራለሁ፣ ክቡር ሆይ። መብራት ሲኖር እንዳይጠፋ እፈራለሁ፣ ሲጠፋ እንዳይመጣ እፈራለሁ፣ ስፌት መኪናዬን ሳንቀሳቅስ ድምፁ የማሽኑን ጩኸት እንዳይሸፍንብኝ ስለምፈራ ሥራ ከተውኩ ሰነበትኩ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔ የጨነቀኝ ለእርስዎ ግልጽ ደብዳቤ ጻፍኩ።

የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው። ደንቡ ይቅር አልልም፤ የሌላውን ሶላር ንፋስ ነቅሎ ሰው አናት ላይ እንዳይጥለው፣ ሽቦው እሳት እንዳያስነሣ ደንብ ያስፈልጋል፤ ጋሼም የሚለው ይህንኑ ነው። አንቀጽ ሰባትን ብቻ ይሰርዙልን፣ ወይም ኮሚቴው እስኪሰበሰብ ባለ ሜትሩ ማኅተሙን እንዲያነሡ አንዲት ቃል ይናገሯቸው። ይህም ካስቸገረዎ ከወንበርዎ ተነሥተው በመስኮትዎ ወደ ጣራችን ይመልከቱ፤ ጥቁሩ ነገር የተኛበት ሥር ሰው አለ።

ላደረጉልን ሁሉ፣ ይልቁንም ወንድሜን ከአልጌ ስለጠበቁልን፣ ምስጋናዬን በድጋሚ እያቀረብኩ፣ ወንበርዎ እንዲጸና፣ መብራትዎ እንዳይጠፋ፣ ምናልባት ቢጠፋም በሰላም የሚተነፍሱ ሰው ሆነው እንዲቆዩ እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
የብልጭታ እኅት፣ የመጨረሻው ፎቅ ልብስ ሰፊ

ግልባጭ፦
ለደረጃችን ሥር ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ከሁለቱ መመሪያዎች መካከል ይለጠፍ ዘንድ
ለባለ ሜትሩ፣ እንደማይቀየሙኝ በማመን
ለፀሐይ፣ መመሪያው ካልደረሳት

ከፊርማዬ በኋላ፦ ደብዳቤውን አጥፌ ፖስታ ውስጥ ሳስገባ መብራት ጠፋ። ታክሲ ነጂው የለም። ሲሊንደሯ ካለፈው ሳምንት ወዲህ አልተሞላችም። ስለዚህ ከዚህ ጋር አብሮ የሚያገኙት ነገር የጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም ነው፤ ሽቦውን የቆረጥኩት በሸራ መቀሴ ነው፣ ማኅተሙ ራሱ ምንም አልሆነም፣ ይቁጠሩትና ይረከቡኝ። ማሽኑ በፀሐይ እየሠራ ነው። ልታስሩኝ ስትመጡ ከእኔ በኋላ ከጋሼ አጠገብ የሚቀመጥ አንድ ሰው ይዛችሁ ኑ፤ ማሽኑ ላይ ያለችው ጠርሙስ ስትጎድል ንጹሕ ውኃ ይጨምርባት፤ ከሶላሩ እስከ ማሽኑ ካለው ዕቃ ሁሉ ውኃ የሚይዘው እሷ ብቻ ናት፣ ክዳንም አላት። ሸራውን አጥፌ በሩ ሥር አስቀምጬዋለሁ። የግድ አንድ ነገር መሸፈን አለበት ካላችሁ፣ ለአንድ ረዥም ሰው የሚበቃ ነው፤ ለዛሬ ግን አያስፈልግም። ደግሞ አደራ፣ በሩን ቀስ ብላችሁ አንኳኩ፤ ጋሼን እንቅልፍ የወሰደው ገና አሁን ነው።