ለእማዬ የተመረጠ ቅቤ

ቅዳሜ፣ መጋቢት 19፤ ጎንደር

ዕረፍቴ አለቀ፤ ነገ ወደ አዲስ አበባ እመለሳለሁ። እማዬ ከዚህ እንዳመጣላት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለፋሲካ ዶሮ የሚሆን ለጋ ቅቤ።

ጠዋት ከአጎቴ ልጅ ከብርቱካን ጋር ገበያ ወጣን። ኮሌጅ ስትማር እኛ ቤት ነው የኖረችው። ጾም ስለሆነ ቅቤ አይቀመስም፤ አፍንጫዬን ደግሞ አላምነውም። እሷን አመንኩ። የምታውቃት ነጋዴ ዘንድ ወሰደችኝ፤ በጣቷ ነካ አድርጋ አሸተተችና፣ "ሸጋ ቅቤ ነው፣ እመቤቴን! ዓይንሽን ጨፍነሽ ውሰጅ" አለችኝ። ወሰድኩ። በጉሎ ቅጠል የጠቀለለችልኝም ራሷ ብርቱካን ናት።

ከሰዓት፣ ፀዳ በሚገኘው ቤቷ ሽሮ እየሠራን ጨው ላመጣ ጓዳ ስገባ ሌላ ቅቤ አየሁ።

"ይሄስ የማን ነው?"

"የኔ ነው። አንቺ በርበሬ ስትመርጪ ከወዲያኛዋ ሴትዮ ገዛሁት።"

"ምነው ከምታውቂያት አልገዛሽም?"

"እኔማ ለልጆቼ ነው!" አለች ሳቅ ብላ።

ወዲያው ሳቋ ጠፋ። ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች፤ ቀና ብላም አላየችኝ። "የኔስ እናት?" ልላት ፈልጌ ጨዉን አቀበልኳት። ያንን ሽሮ እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

አመሻሽ ላይ እማዬ ደወለች።

"ቅቤውን አገኘሽ?"

"አግኝቻለሁ።"

"ማን መረጠልሽ?"

"ብርቱካን።"

"ተመስገን! እንግዲያስ አልሰጋም። እሷ እኮ ልጄ ናት።"